አልጋ የምናከራየውም እንጠየቅ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አነስተኛ ፔንሲዮን አለኝ። ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ የሪሴፕሽን ልጅ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንሶላ የምታጥብ ሴት። ትልቅ ነገር አይደለም። ይህን የምጽፈው ከክልላችን ምክር ቤት አባላት አንዱ እንኳ ጋዜጣችሁን ገልጦ ቢያይልኝ ብዬ ነው።

የማነሣው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ለወሲብ የሚያቀርቡ ሰዎችን ጉዳይ ነው። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ደላላው ይወገዛል፣ ወላጅ ይወቀሳል፣ ዘመኑ ይረገማል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። ነገሩ የተፈጸመበትን ክፍል ማን አከራየ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማን ያከራያል? እኛ ነና። ፔንሲዮኑ፣ አልጋ ቤቱ፣ ከግሮሰሪው ጀርባ ያለችው ክፍል። ስለዚህ ክልሉ ሕግ ያውጣ፣ ሲያወጣም ከእኛ በር ይጀምር። ይህን በማለቴ ከሙያ ጓደኞቼ ምን እንደሚወርድብኝ አውቃለሁ፣ ይውረድ።

ሕግ የለም ወይ ለሚለኝ፣ አለ። ያውም ጠንካራ። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 አለ። ስለ ሰው ንግድ ሲወራ ብዙዎቻችን የሚታየን መተማና ሊቢያ ነው፣ ወደ የመን የሚሄድ ጀልባ ነው። አዋጁ ግን የግድ ድንበር መሻገር አለባት አይልም። ከእስቴ ወይም ከአዴት ተነሥታ ባሕር ዳር የወረደች፣ «ሥራ አገኝልሻለሁ» ተብላ ለቡና ቤት የተሰጠች ልጅም እዚያው አዋጅ ውስጥ አለች። የተነገደባት ሴት ወይም ሕፃን ከሆነች ነጋዴው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ30 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ሕፃን የሚባለው ደግሞ 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ነው፣ «እሷው ፈልጋ ነው» የሚለው ወሬም ለሕፃን አይሠራም።

ገንዘብ ከፍሎ የሚገባውስ? እሱም ቢሆን አያመልጥም፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626፣ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ወንድ ከ3 እስከ 15 ዓመት ይታሰራል። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት። ገንዘብ መክፈሉ ጥፋቱን አያቀልለትም። እንደኔ እንደኔ ሊያከብድበት ይገባ ነበር።

እና ሕጉ ይህን ያህል ከጠነከረ ምን ጎደለ? የጎደለው በምሽት 4 ሰዓት የሚሠራ ሕግ ነው። ሃያ ዓመት እስራት የሚመጣው አንድ ሰው ካየ፣ ከተናገረ፣ ፖሊስ ከያዘ፣ ዐቃቤ ሕግ ከከሰሰና ልጅቱ እስከ መጨረሻው ከመሰከረች በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን ነገር፣ ማየትን፣ የሚያየው ደግሞ በሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

አንድ ማታ ዝናቡ ሲወርድ አንድ ጎልማሳ ልጅ ይዞ መጣ። ኮንጎ ጫማ አድርጋለች፣ ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። «የእህቴ ልጅ ናት፣ ነገ ሐኪም ቤት ላሳያት ነው» አለ። እንግዲያው ሁለት ክፍል ልስጥህ አልኩት። አንድ ይበቃናል አለ። ልጅቱን የእናቷን ስም ጠየቅኳት፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ዞር ብዬ እሱን፣ የእህትህ ስም ማን ነው ስለው፣ «እትዬ፣ ፖሊስ ነዎት እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝና እጇን ይዞ ወጣ። ስልኬን ፈልጌ እስካነሣ ከዓይኔ ተሰወሩ። ዘበኛዬ በኋላ እንደነገረኝ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ቤት አልጋ አግኝቷል። ያከራየው ሰው የማውቀው ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለቅሶ ቤት አብረን እንቀመጣለን። አልጠየቀም፣ በቃ። መጠየቅ ግዴታው አይደለማ። እኔ በመከልከሌ ያቺ ልጅ ምን ተጠቀመች? ምንም። እንዲያውም ዝናብ ላይ ትንሽ ቆየች።

ለዚህ ነው ጉዳዩን ለእያንዳንዳችን ሕሊና መተው አይበቃም የምለው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ከሆነ ደላላው የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሁሉንም በር እኩል የሚያስገድድ ነገር ያስፈልጋል፣ እሱም ሕግ ነው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እናውራ። በክልላችን ጦርነቱ ከተባባሰበት ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ባሕር ዳር እንግዳ ምን ያህል እንደራቃት የሚያውቅ ያውቃል። ድሮ ዘጌ ገዳማትንና ጢስ ዓባይን ለማየት የሚመጣው ቱሪስት፣ ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመጣው አበል ተቀባይ፣ ለሠርግ የሚመጣው ዘመድ ነበር ክፍላችንን የሚሞላው። እሱ ሲቀር ባዶ አልጋ ማሳደር መጣ። ኪራይ አይቆምም፣ የሠራተኛ ደመወዝ አይቆምም፣ ግብሩም ይመጣል። ባዶ አልጋ ላለው ሰው ደግሞ «ሾርት» ጥሩ ገቢ ነው፤ አንዱን ክፍል በአንድ ምሽት ደጋግመህ ታከራየዋለህ፣ መዝገብ ላይም አይጻፍም። ደላላውም ኮሚሽን ይሰጣል። ለእኔም ቤት መጥቶ «እትዬ፣ በሳምንት እንተሳሰባለን፣ እርስዎ ዝም ብቻ ይበሉ» ያለኝ አለ። እምቢ ስል እንደ ሞኝ ነው ያየኝ። አብዛኛው ባለ ፔንሲዮን እንዲህ አይሠራም፣ ይህን አስምሩልኝ። ግን የሚሠራው በማይሠራው ላይ እየተወዳደረ ነው፣ ሕግ አክብሮ የሚሠራው ሰው እየከሰረ እስከ መቼ ይቆያል?

ከደላላው በስተጀርባ ያለውም ጦርነቱ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የቀረባት፣ አባቷ «እንግዲያው ትዳር» ያላት፣ ከዚያ ሽሽት ከተማ የመጣች ልጅ መጀመሪያ የምታገኘው ሰው መናኸሪያ ላይ ቆሞ የሚጠብቃትን ነው። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 79/1995፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ግን ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ያመለጠች ልጅ ወዴት እንደምታመልጥ አልተዘጋጀንበትም። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራተኛ ትሆናለች። የመጀመሪያ ደመወዟን ደላላው ይወስዳል። ከአሠሪዋ ስትጣላ ተመልሳ እሱው ዘንድ ነው፣ ያኔ ሌላ «ሥራ» ያሳያታል። ይህን መንገድ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ሊስትሮ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ክልሉ ምን ማድረግ ይችላል ወደሚለው ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የወንጀል ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው ይላል፤ ፌዴራሉ በግልጽ ባልሸፈናቸው ጉዳዮች ግን ክልሎች ማውጣት ይችላሉ። ቅጣቱን እንግዲህ ፌዴራሉ ጨርሶታል፣ እሱን መድገም አያስፈልግም። የንግድ ፈቃዳችንን የምናድሰው ግን እዚሁ ነው። ፖሊሱ የክልል ነው፣ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮው የክልል ነው፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤትም እዚሁ ባሕር ዳር ነው የሚቀመጠው። አዲስ አበባን መጠበቅ የማያስፈልገው ሥራ ብዙ ነው። የክልሉ የሕግ ጋዜጣ በሆነው በዝክረ ሕግ ላይ ለማሳተም የሚበቃ።

በአሜሪካም ነገሩ የተያዘው እንዲሁ በየክፍለ ግዛቱ ነው። የፌዴራሉ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ለወሲብ ንግድ የዋለች ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ተጎጂ ናት አለ፣ አስገድደዋታል ወይ ብሎ መጠየቅም አያስፈልግም አለ። ግን በየክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ያችኑ ልጅ በዝሙት አዳሪነት ይዞ ማሰሩን ቀጠለ። አንዱ መንግሥት ተጎጂ ይላታል፣ ሌላው ካቴና ያጠልቅላታል። መጀመሪያ ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህን ልጆች ከወንጀለኛ ተራ አውጥታ ወደ ድጋፍ የሚመራ ሕግ አወጣች፣ ሌሎችም ተከተሉ። እኔ በጣም የወደድኩት የሚኒሶታን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2014 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ልጅቱን አትከሰስም ብሎ ብቻ አላቆመም፤ በየአካባቢው ሰው መድቧል፣ ፖሊስም ሆነ ነርስ ወይም መምህር ለዚያ ሰው ይደውላል፣ ያ ሰው መጠለያውንም ሕክምናውንም ያገናኛል። ወደ የትኛውም በር ብትሄድ የተሳሳተ በር አይሆንባትም ማለት ነው። በኋላም ድጋፉን እስከ 24 ዓመት ድረስ ዘረጉት፣ ምክንያቱም ልጅቱ 18 በሞላች ማግስት ችግሯ አብሮ አያልቅም።

የእኛን ሥራ የሚነካው ደግሞ የካሊፎርኒያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሕግ፣ እንግዳ የሚያገኝ የሆቴልና የሞቴል ሠራተኛ የሰው ንግድ ምልክቶችን እንዲለይ ቢያንስ የ20 ደቂቃ ሥልጠና እንዲያገኝ አሠሪው ተገደደ። ሃያ ደቂቃ! የእኛ ሪሴፕሽን ልጅ ኳስ እያየ ከሚያሳልፈው ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ አይጠፋም። ምን ይማራል? ልጅቱ ራሷ አትናገርም፣ ሌላ ሰው ነው የሚመልስላት። መታወቂያዋን የያዘው እሱ ነው። ዕቃ የላትም። ያው ሰውዬ በሌላ ቀን ሌላ ልጅ ይዞ ይመጣል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ግን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ሊነግረውና ሲያይም ለማን እንደሚደውል ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ሊለጠፍለት ይገባል።

ልዩነት የለንም አልልም። እኛ ጋ ልጅቱን በዝሙት የሚከስ አንቀጽ የለም፣ ሕጉ የሚከሰው በእሷ የሚነግደውን ነው። በተግባር ግን አፈሳ ሲመጣ መኪና ላይ የምትጫነው እሷ ናት። ሰውዬው ጃኬቱን ደርቦ ባጃጅ ይይዛል። ስለዚህ ልጅ በምትገኝበት ጊዜ አብሮ የተገኘው አዋቂ ነው መጀመሪያ መያዝ ያለበት የሚል ግልጽ መመሪያ ለፖሊስ ይሰጥ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም ግን።

መታወቂያ ጠይቁ ይባል ይሆናል። እንጠይቃለን። ችግሩ የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ለሞላው ነው፣ ደላላው ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ አሥራ ዘጠኝ አስብሎ ያወጣላታል። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፣ ከዚያ በፊት የተወለደች የገጠር ልጅ ዕድሜዋን በምን ታረጋግጣለች? ፋይዳም ቢሆን የተነገረውን ዕድሜ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሕጉ ካርድ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ዋጋ የለውም። ልጅ የምትመስል ከሆነች ልጅ ናት ብሎ መነሣት፣ ዕድሜዋን ማጣራት ደግሞ የሐኪሙ ሥራ ይሁን።

በሌላ በኩል መታወቂያ የሌለው ሁሉ ይባረር ከተባለ ሌላ ጥፋት ይመጣል። ተፈናቃዩ አለ፣ ለሕክምና የመጣች እናት አለች፣ ብቻዋን አምልጣ የመጣች ልጅ አለች። ይቺን ልጅ መታወቂያ የለሽም ብለን በር ከዘጋንባት የት ታድራለች? መናኸሪያ። መናኸሪያ ማን አለ? እሱ። ሕጉ በር ዝጉ የሚል ሳይሆን ደውሉ የሚል መሆን አለበት። ብቻዋን ወይም ወላጇ ካልሆነ ሰው ጋር የመጣች ልጅ ካየህ አስገብተህ አስቀምጣት፣ ሻይ ስጣት፣ ደውል። ሳይደውል ክፍል ያከራየ በመጀመሪያው ይቀጣ፣ በሁለተኛው ፈቃዱ ይነጠቅ። አውቆ ያከራየማ የፌዴራሉ አዋጅ ይጠብቀዋል።

ስንደውል ግን የሚያነሣ ሰው ይኑር። በሌላ ጊዜ አንዲት ልጅ ከአንድ ቤት ሮጣ ወጥታ እኛ ግቢ ገባች፣ ደወልን፣ መጥተው ወሰዷት። ክፋት አልሠሩም። የሚያስተኙበት ቦታ ስላልነበራቸው ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አደረች። ጠዋት «አጎቷ ነኝ» ያለ ሰው ፈርሞ እንደወሰዳት ሰማን። አጎቷ ይሁን አይሁን ማን ያረጋግጥ? አልጋ የለም፣ የሕፃናት ሠራተኛ በሌሊት የለም፣ ተረኛው ፖሊስ ደግሞ ሌላ መቶ ሥራ አለበት።

መጠለያ በውጭ እርዳታ ላይ ተንጠልጥሎ እንደማይቆም በ2017 ዓ.ም. ጥር የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም ሁላችንም አይተናል። ክልሉ በራሱ በጀት፣ በራሱ አዋጅ፣ ቢያንስ በባሕር ዳርና በጎንደር፣ በደሴም፣ ሌሊት የሚከፈት ቤት ይኑረው። ዘመናዊ ሕንፃ አልጠየቅኩም። ንጹሕ አልጋ፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት የምታወራት ሴት፣ በር ላይ ዘበኛ። የፌዴራሉ አዋጅ ለተጎጂዎች ፈንድ ይኖራል ብሏል፣ ከእኛ ከፔንሲዮኖች የሚሰበሰበው መቀጮም ለዚያ ቤት ይዋል። ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ክፉ ደስታ አለኝ፦ ሳይጠይቅ ያከራየው ሰውዬ የልጅቱን ቁርስ ይክፈል።

የጉቦ ነገርም ያሳስበኛል። እንዲህ ያለ ሕግ በወጣ ማግስት ደብተር ይዞ «መዝገብሽን አሳዪኝ» እያለ የሚዞር ሰው ይመጣል፣ ቀጥሎ «እንነጋገር» ይላል። ስለዚህ የሚቆጣጠረው አንድ የታወቀ አካል ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ደረሰኝ ይኑረው። ይህ ካልሆነ ሕጉ ለሌቦች ተጨማሪ ደመወዝ ይሆናል፣ የምናከብረውም እንጠላዋለን።

ሌላው ሽምግልና ነው። ሽማግሌን አልንቅም፣ በዚህ አገር ስንት ደም የበረደው በሽማግሌ ነው። ግን የሕፃን ልጅ ጉዳይ ለሽማግሌ አይሰጥም። ልጅቱ ትከሳለች፣ ቤተሰብ ይጠራል፣ በሬ ታርዶ ገንዘብ ተቆጥሮ «ተስማምተዋል» ይባላል፣ ምስክር ይጠፋል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ካልሆነም እሱኑ አግብታ ትገባለች። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፣ የ1996ቱ ሕግ ይህን አንሥቶታል። ከወረቀቱ ተነሣ፣ ከሰፈራችን ግን ገና አልወጣም። እዚህ ላይ የክልሉ ሕግ ቤተሰብ ይቅር ቢል እንኳ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን እንዳይዘጋ አጥብቆ ይሰር፣ ልጅቱም ስትመሰክር ሰውዬውን ፊት ለፊት ሳታየው በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ትናገር። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፣ የሚሠሩበት ፍርድ ቤቶች አሉ። በየወረዳው ይድረስ ነው።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር አለ። «ሥራችንን ልታዘጊብን ነው» ትሉኛላችሁ። ጣና ዳር ቤተሰቡን ይዞ የሚያድር እንግዳ፣ ቀን ሲወጣልን ተመልሶ ሲመጣ፣ ከጎኑ ክፍል ምን እንዳለ የሚሰማ ጆሮ አለው። አንዴ ስማችን በዚህ ከወጣ ያ እንግዳ ወዲያ ማዶ ጎርጎራ ሄዶ ነው የሚያድረው። ይህን ደግሞ ለልጆቹ ግድ ለሌለው ለኪሱ ብቻ ለሚያስበው ነው የተናገርኩት።

ስሜንና ስልኬን ለብቻ ልኬላችኋለሁ። ጋዜጣው ላይ የፔንሲዮኑ ስም ባይወጣ ደስ ይለኛል፤ ደላሎቹ በየቀኑ በሬ ላይ ነው የሚያልፉት፣ የሪሴፕሽኑ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ብቻውን ነው። ከምክር ቤት ወይም ከፍትሕ ቢሮ የሚፈልገኝ ሰው ካለ ግን አድራሻዬን ስጡት። የአልጋ መዝገቤን ይዤ እመጣለሁ።

አንዲት ባለ ፔንሲዮን
ከባሕር ዳር